ምዕራፍ ስድስት፦ የሰውነት ቀጠሮዎች

ከኦሊምፒክ እስከ ፒኮ ጎዳና በተዘረጋችው አጭር የፌርፋክስ መንገድ፣ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት ሰፈር፣ የገና ወሬ የሚነሣው ገና ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ በየምግብ ቤቱ የጾም በያይነቱ ይበረታል። ከምግቡ በኋላ ቡና ይፈላል፤ ከቡናው ጋር አንዱ «ዘንድሮስ ላሊበላን በእግሬ ሄጄ ነው የምሳለመው» ይላል። ስለት ያለበት አለ። እናቱ ሳያደርሱት የሞቱትን ቃል ሊያደርስላቸው የሚሻ አለ። አሜሪካ ተወልዶ አያቱ የነገሩትን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ወጣትም አለ። ቲኬቱ በስልክ፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ይቆረጣል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጾሙ መግቢያ እስከ ዋዜማው 44 ቀን ነው። በ44 ቀን ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ከሥራ ፈቃድ ይገኛል፣ ጓዝ ይሸከፋል። ዓመቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የከረመ ጉልበት ግን በ44 ቀን ለተራራ አይደርስም። እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የራሱ ቀጠሮ አለው፦ ጅማት በወራት፣ የእግር ቆዳ በሳምንታት፣ ሳንባና ደም በቀናት ይቆጥራሉ። ቀጠሮውን በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም፤ ውድ ጫማም፣ የቢዝነስ ክላስ ወንበርም አያሳጥረውም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው መንገደኛ ነው። ይህ ምዕራፍ ቀጠሮዎቹን ከረጅሙ ወደ አጭሩ አንድ በአንድ ያያቸዋል።

መንገዱ ምን ይጠይቃል?

ላሊበላ በላስታ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ትውፊት ሥራውን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለቅዱስ ላሊበላ ይሰጣል፤ ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ ያልቻለ ምእመን እዚሁ አገሩ ላይ እንዲሳለም አስቦ ነው ያነጻቸው ይላል። ለዚህ ነው በከተማዋ ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፣ ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ያለው። ሰው ርቆ እንዳይደክም የታሰበች ከተማ፣ ዛሬ ከፓስፊክ ዳርቻ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣ ተሳላሚ አላት።

የታኅሣሥ 29 በዓል ድርብ ነው። የጌታ ልደትና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድ ቀን ይውላሉ። ከዋግ፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ገጠሮች የሚነሡ ተሳላሚዎች ቀናትን፣ አንዳንዶቹም ሳምንታትን በእግራቸው ይጓዛሉ። ስንቃቸው በሶና ቆሎ፣ ጫማቸው ኮንጎ ወይም በረባሶ፣ ማደሪያቸው የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም የደግ ሰው ደጅ ነው። ከተማዋ ሲደርሱ ነዋሪው እግራቸውን አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ይቀበላቸዋል።

እነሱን አይቶ «በኮንጎ ከሄዱት እኔ በስፖርት ጫማ ምን ይሳነኛል?» ማለት ቀላል ነው። ዳሩ ግን የላስታ ገበሬ ለዚህ መንገድ የተሰናዳው ታኅሣሥ ላይ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ገበያ ሲሄድ ተራራ ይወጣል፣ እህል ተሸክሞ ተራራ ይወርዳል፣ ከብት ሲያግድ ውሎ ያድራል። የእሱ ጅማት ቀጠሮውን አክብሯል። በሆስፒታል ኮሪደር ወይም በታክሲ ወንበር ላይ 20 ዓመት የኖረ ሰው ቀጠሮውን አሁን መያዝ አለበት።

ሦስት ሳምንት ያህል ፈቃድ ላለው ሰው የሚመጥነው የመንገዱ የመጨረሻ ክፍል ነው። ከወልዲያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ላሊበላ መግባት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል፤ ከጋሸና ቢነሡ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ጋሸና 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት። ከእሷ ተነሥቶ መንገዱ ወደ ሹምሽሃ ይወርዳል፤ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ይህ ሜዳ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ ከተማዋ 500 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። 1,000 ሜትር ቁልቁል፣ ከዚያ 500 ሜትር ሽቅብ፦ ዝግጅቱን ሁሉ የሚወስነው ይህ ሒሳብ ነው።

በወራት የሚቆጥሩት፦ ጅማትና ጭን

ጡንቻ ብዙ ደም ስለሚደርሰው ቶሎ ይጠነክራል። ልምምድ የጀመረ ሰው በአራትና በአምስት ሳምንት ለውጡን ያየዋል። ጅማት ግን የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ራሱን የሚያድሰው ቀስ ብሎ ነው፤ ጭነትን ለምዶ ለመጠንከር ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። አደጋው ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ጡንቻው «በርታ፣ ጨምር» ሲል ጅማቱ ገና አልደረሰም፤ በስድስተኛው ሳምንት ተረከዝ ላይ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች የሚሰማው ሕመም የዚህ ክፍተት ውጤት ነው። ስለዚህ ለታኅሣሥ 29 የሚሄድ ሰው መራመድ የሚጀምረው ጥቅምት መባቻ ላይ ነው። ርቀቱም በአንድ ጊዜ አይዘልም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀነስ ተደርጎ ጅማቱ ያርፋል።

ለሜዳው ልምምድ ሎስ አንጀለስ ሰፊ ናት። ከፌርፋክስ ተነሥቶ በኦሊምፒክ ጎዳና ወደ ምዕራብ ቢይዙ ሳንታ ሞኒካ ውቅያኖሱ ዳር እስኪደርሱ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በእግረኛ መንገድ ይሄዳሉ፤ መመለሻው በአውቶቡስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይህን መንገድ ያለ ችግር የሚሄድ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ግማሹን መድገም የሚችል ሰው ለመንገዱ እየቀረበ ነው። ዋናው ፈተና በደከመ እግር በማግስቱ መነሣት መቻሉ ነው፤ አንድ ቀን 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብዙ ነው፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው።

ኮረብታው ሌላ ትምህርት አለው። ብዙ ሰው ዳገት ይፈራል፤ እግር የሚሰብረው ግን ቁልቁለት ነው። ሽቅብ ስንወጣ የፊት ጭናችን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስንወርድ ግን ክብደታችንን እየያዘ፣ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ በዚህ መለጠጥ ውስጥ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይበረታል። ከጋሸና በደስታ የወረደ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ደግነቱ ጡንቻ ይማራል። አንድ ጊዜ በቁልቁለት የተጎዳ ጭን ለቀጣዮቹ ሳምንታት ከተመሳሳይ ጉዳት ይጠበቃል። የተማረው እንዳይረሳ በየሁለት ሳምንቱ ረጅም ቁልቁለት መውረድ፣ የመጨረሻውንም ከመብረሩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጨረስ ይበቃዋል።

ለዚህ ከፌርፋክስ ሩቅ ሳይኬድ የባልድዊን ሂልስ ደረጃ አለ፤ 282 ወጣ ገባ ደረጃዎች ናቸው። ስፖርተኞች የሚቆጥሩት መውጣቱን ነው፤ ተሳላሚ መውረዱን ይቁጠር። በግሪፊዝ ፓርክ ያለው ማውንት ሆሊዉድ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ መንገዱ የሚነሣው ከባሕር ወለል ስላልሆነ ግን የላሊበላን የመጨረሻ ዳገት ያህል ለመቅመስ ደግሞ መውጣት ይጠይቃል። በታኅሣሥ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቀው በሐበሻ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለሆነ፣ ከሥራ በኋላ ኮረብታ ልውጣ የሚል ሰው ጨለማ ይቀድመዋል። የከተማዋ ዝናብም የሚጥለው በዚሁ ወቅት ነው። የሥራ ቀናትን ለደረጃና ለጎዳና፣ ቅዳሜን ለኮረብታ ማድረግ ያዋጣል።

በሳምንታት የሚቆጥረው፦ የእግር ቆዳ

እግር ውኃ የሚቋጥረው ጫማ ስለፈገፈገው ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ወደ ፊት ሲንሸራተት፣ ቆዳው ካልሲው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሥጋ ይጎተታል። በሺህ ጊዜ ሲደጋገም የቆዳው ንብርብር ይላቀቅና ውኃ ይሞላል። ላብ ያረጠበው ቆዳ ይበልጥ ስለሚጣበቅ ይባስ ይጎዳል። መፍትሔው ከምክንያቱ ይወጣል፦ እግርን ማድረቅ፣ የሚያንሸራትት ነገር መጨመር፣ ቆዳውን ማለማመድ።

ጫማ የሚገዛው ወደ ማታ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ካበጠ በኋላ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ጫፉን እንዳይመታ ግማሽ ቁጥር ያህል ሰፋ ይበል። ከመንገዱ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይለበስ። ካልሲው ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለበት ቢሆን ላቡን ይስባል፤ እኩለ ቀን ላይ መቀየሪያ ሁለተኛ ጥንድ ይያዝ። የሚያቃጥል ቦታ ከተሰማ ወዲያው ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ ነው፤ «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» ያለ ሰው እዚያ ሲደርስ የሚያየው ቁስል ነው።

የጫማ ማውለቅ ጉዳይም አለ። ላሊበላ ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ በእያንዳንዱ ደጅ ጫማ ይወልቃል። ከመንገዱ ጫማ ሌላ በቀላሉ የሚወልቅ ነጠላ ጫማ መያዝ ጊዜም ወገብም ይቆጥባል። የጠዋቱ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አይጠፋም፤ ወፍራም ካልሲ ለሁለቱም ይረዳል።

በቀናት የሚቆጥሩት፦ ሳንባና ደም

«እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ተራራ ምኔ ነው?» የሚለው ቃል ፌርፋክስ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ፉከራ ነው።

እውነቱን ሳይንስ ያውቀዋል። ሲንቲያ ቢል የሚባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምረው ነበር። እንዲያ ባለ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የእኛ ደጋ ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ወለል ላይ እንዳለ ሰው ሆኖ ተገኘ። ለተመራማሪዎቹ ይህ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነበር።

ፉከራው የሚጀምረው የዘር ውርስንና ልምድን ስናምታታ ነው። ከደጋ ተወላጅነት የሚወረስ ነገር ቢኖርም፣ ሰውነት ዕለት ተዕለት ለከፍታ የሚያደርገው ማስተካከያ ሌላ ነው፤ እሱ ደግሞ ከደጋ በወረድን በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሰውነት መጀመሪያ የሚመልሰው ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ነው፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ኩላሊት የደሙን የአሲድና የቤዝ ሚዛን አስተካክሎ አተነፋፈሱ ሌሊትም እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ይህ ጥቂት ቀናት ይወስዳል። አዲስ ቀይ የደም ሕዋሳት ማምረቱ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ተጓዡ የመጨረሻውን አይጠብቅ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ሳይጠብቅ መሄድ የለበትም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋትና የተቆራረጠ እንቅልፍ የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ጾመኛ ሰው እነዚህን በቀላሉ ለጾሙ ሊሰጣቸው ይችላል። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ይሁን፦ ከፍታ ላይ የመጣ ራስ ምታት ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ነው፤ እሱ ሳይለቅ ሽቅብ አይወጣም፣ ከባሰ ይወረዳል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለበት ሰው ስለዚህ ነገር ሐኪሙን ከጉዞው ሁለት ወር ቀድሞ ያማክር።

ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ከፍታን መቅመስ ይቻላል። በፓልም ስፕሪንግስ ያለው የተራራ ትራም መንገደኛውን ከበረሃው ተቀብሎ 2,596 ሜትር ላይ ያወርደዋል፤ ከላሊበላ ከፍታ ጋር የተቀራረበ ነው። እዚያ ለጥቂት ሰዓታት መራመድ ሰውነትን አያለማምድም፣ ግን እስትንፋስ ሲያጥር ምን እንደሚሰማ ያስተምራል፣ የእርምጃ ፍጥነትንም ያስቀንሳል። ማውንት ባልዲ ግን ሌላ ነገር ነው። 3,068 ሜትር ያለው ይህ ተራራ በሰመር ደስ ይላል፤ በዊንተር በረዶው ወደ መስተዋት ይለወጣል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ጁሊያን ሳንድስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ወደዚያ ወጥቶ ጠፋ፤ አስከሬኑ የተገኘው በጁን ነው። ሳንድስ ተራራ የለመደ ሰው ነበር። ለላሊበላ ለመሰናዳት ባልዲን በዊንተር መውጣት አያስፈልግም።

ጾምና ስንቅ

በጾመ ነቢያት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የለም፤ ብዙዎች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም አይቀምሱም። 20 ኪሎ ሜትር በተራራ ላይ የሚራመድ ሰው ከተለመደው ቀን በላይ ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያቃጥላል። ሰውነት ይህን በመጀመሪያ የሚከፍለው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ካስቀመጠው ስኳር ነው። የጉበቱ ክምችት ወደ 100 ግራም ብቻ ስለሆነ ሌሊቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ባዶ ሆድ ማለዳ የተነሣ መንገደኛ ቀትር ላይ ጉልበቱ በድንገት ከከዳው ምክንያቱ ይህ ነው። ሰውነት ከስኳር ወደ ስብ መዞርን ይለምዳል፣ ግን እንደ ሌላው ሁሉ ለመልመድ ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ ስለዚህ ጾሙን እየጾሙ መራመድን ኅዳር ላይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ መለማመድ ነው።

የውኃ ጥማት ከረሃብ ይልቅ አደገኛ ነው። የደጋ አየር ደረቅ ስለሆነ፣ አተነፋፈስም ስለሚፈጥን፣ ላቡ ሳይታይ ውኃ ከሰውነት ይወጣል። ለመንገደኛ፣ ለሕመምተኛና ለአረጋዊ የጾሙን ልክ የሚወስነው ንስሐ አባት ነው፤ ይህን ጥያቄ ታኅሣሥ ላይ ከጋሸና በስልክ ሳይሆን ጥቅምት ላይ በአካል መጠየቅ ይገባል። ኢንሱሊን ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሁለቱንም፣ ንስሐ አባቱንና ሐኪሙን፣ ስለዚሁ አንድ ጉዳይ ያነጋግር።

ስለ ስንቅ አባቶቻችን ሥራውን ጨርሰውታል። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በውኃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል። ከስፖርት መደብር ከሚገዛው የጉዞ ምግብ ይልቅ ለጾሙም ለሆዱም ይስማማል፤ በሐበሻ ሱቆች ይገኛል። ቆሎ ለመንገድ ላይ፣ ዳቦ ቆሎ ለምሽት፣ ተምር ለድንገተኛ ድካም ይያዝ። ትንሽ ጨው በውኃው ውስጥ ቢጨመር አይጎዳም። ውኃው ደግሞ ይፈላ፤ 2,500 ሜትር ላይ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት ይላል።

ብርድና ልብስ

የሎስ አንጀለስ ሰው ብርድን የረሳው ከተማዋ ውስጥ ስለማይበርደው ነው። የኢትዮጵያ ታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ምክንያቱ ጥርት ያለው ሰማይ ነው፦ ደመና ስለሌለ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ታሞቃለች፤ ሌሊት ግን ሙቀቱን የሚይዝ ሽፋን ስለሌለ ወደ ሰማይ ያመልጣል። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። በምሽት ከሸለቆው ወለል ይልቅ ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማደር የሚመረጠው ለዚህ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ጋሸና ላይ ያለ ሌሊት ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል።

ጋቢ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፣ ግን የሚሠራው ሲደርቅ ነው። በአራት ድርብ ጥጡ መካከል የሚያዘው አየር ነው የሚያሞቀው፤ ላብ ሲያረጥበው አየሩ ይወጣል፣ ጥጡ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል፣ ሙቀትንም ይሰርቃል። ስለዚህ ጋቢ የዕረፍትና የሌሊት ልብስ ይሁን፤ ለመራመድ ከውስጥ ላብ የሚያስወጣ ስስ ሸሚዝ፣ ከላይ ነፋስ የሚመልስ ጃኬት ይለበስ። ነጭ ነጠላው እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። የመኝታ ከረጢት፣ የግንባር ባትሪ፣ ኮፍያ አይረሱ። ቀን ላይ የፀሐይ ጨረር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ወሬ ከከንፈር መሰነጣጠቅ አያድንም። ሁሉም ተደምሮ ቦርሳው ከሰባት ኪሎ ካለፈ አንድ ነገር ይውጣ።

እንቅልፍና አዲስ አበባ

በዊንተር ወራት ሎስ አንጀለስና አዲስ አበባ በ11 ሰዓት ይለያያሉ፤ ቀንና ሌሊት ተለዋውጠዋል ማለት ይቻላል። የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚስተካከል ሙሉ በሙሉ ለመገጣጠም ከሳምንት በላይ ይፈልጋል። ያልተኛ ሰው በተራራ ላይ ይሰናከላል፣ ይቆጣል፣ ብርድም ይበረታበታል።

አዲስ አበባ ላይ ቆይታ ማድረግ ሁለቱን ቀጠሮ በአንድ ያከብራል። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሳንባው መላመዱን ይጀምራል፣ እንቅልፉም ይስተካከላል። እንጦጦ በእግር መውጣት፣ ዘመድ መጠየቅ፣ በቀን ብርሃን ብዙ መዋል፣ ቀን አለመተኛት። አምስት ወይም ስድስት ቀን እንዲህ ካለፈ መንገዱ ይጀመራል። ከቦሌ ወርዶ በማግስቱ ጋሸና ላይ የሚገኝ ሰው ሁለት ቀጠሮ አፍርሷል።

የመሄድና የመቅረት ውሳኔ

ሰውነት ቢሰናዳም መንገዱ ላይሰናዳ ይችላል። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 በህወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ፣ በዲሴምበር በመንግሥት ኃይሎች እጅ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል በመከላከያ ሠራዊትና በፋኖ መካከል በተነሣው ውጊያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ዜጎቹ ወደ ክልሉ እንዳይጓዙ አስጠንቅቋል። ይህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ባለበት ቦታ ብዙ የጉዞ መድን ውሎች አይከፍሉም።

በዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። የአካባቢው ሰው መንገዱን ያውቃል፣ የትኛው መንደር ዛሬ ሰላም እንደሆነ ያውቃል፣ ካልሆነም ቤቱ ቅርብ ነው። ከሎስ አንጀለስ የመጣ ሰው ግን አደጋ ላይ ከወደቀ የሚያስጨንቀው እሱን ብቻ ሳይሆን ያሳደረውን ቤተሰብ ጭምር ነው። ስለዚህ የማይናወጥ ቀን ይቆረጥ፦ አዲስ አበባ ላይ ሆኖ፣ ጉዞው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀር፣ ከመንገዱ ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ይወሰን። መንገዱ ዝግ ከሆነ ሌላ አማራጭ ቀድሞ ታስቦ ይቆይ። መዘጋቱ ከውሳኔው ቀን አስቀድሞ ከታወቀ፣ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ከድሬዳዋና ከሐረር በእግር ከሚጓዘው ብዙ ሕዝብ ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ በአውሮፕላን ላሊበላ ገብቶ መሳለምም አለ። ካልሆነም የሎስ አንጀለስ ድንግል ማርያም ቤተ ክርስቲያን የገናን ሌሊት ታቆማለች። ስለት በመንገድ መዘጋት አይሻርም፤ ለሌላ ዓመት ይተላለፋል።

የቆመው ሌሊት

ብዙ ተጓዥ ዝግጅቱን የሚቆጥረው ላሊበላ እስኪደርስ ነው። በዓሉ ግን የሚጀምረው ከደረሱ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 28 ማታ የሚጀመረው ማኅሌትና ቅዳሴ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ ሲነጋ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ማሜ ጋራ ላይ ቆመው፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉን ይዘምራሉ። ይህ ሁሉ በቁመት ነው፣ በብርድ ነው፣ በጾም ነው፣ በሕዝብ መሃል ነው።

ቆሞ ማደር ከመራመድ የተለየ ሥራ ነው። ስንራመድ የባት ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል። ሳንነቃነቅ ስንቆም ደሙ እግር ላይ ይከማቻል፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ይቀንሳል፤ ውኃ የጎደለውና ያልበላ ሰው በዚህ ጊዜ ራሱን ስቶ ይወድቃል። የሚከላከለው ቀላል ነገር ነው፦ ጣት ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና ማውረድ፣ ክብደትን ከእግር እግር ማዛወር፣ መቋሚያ መደገፍ። ካህናት መቋሚያ የሚይዙት ለማኅሌቱ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ለሚቆም ሰው ሦስተኛ እግር ነው። ይህንንም ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ እሑድ ቅዳሴን ሳይቀመጡ በማስቀደስ መለማመድ ይቻላል።

አሁን ቀጠሮዎቹን ከዚያች ሌሊት ወደ ኋላ እንቁጠር። ላሊበላ ቢዘገይ ታኅሣሥ 26 መግባት፣ አንድ ቀን ተኝቶ እግርን ማሳረፍ። ጉዞውን ከጋሸና ታኅሣሥ 23 መጀመር፣ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። የመሄድ የመቅረት ውሳኔ ታኅሣሥ 21። አዲስ አበባ መድረስ ታኅሣሥ 15 ገደማ። የመጨረሻው ረጅም ቁልቁለት ኅዳር መጨረሻ። ጾሙን ይዞ መራመድ ከኅዳር 15። ጫማ መግዛት፣ ሐኪምና ንስሐ አባት ማነጋገር፣ መራመድ መጀመር ጥቅምት መባቻ። የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ከዚያም በፊት። የዚህ ዝርዝር መጀመሪያ ኅዳር ላይ ሳይሆን መስከረም ላይ ነው፤ እንግዲህ ዘንድሮ ቡናው ላይ በድንገት የተቆረጠው ቲኬት ለአውሮፕላን ተሳላሚ ይዋል፣ በእግር የሚሄደው ለከርሞ ገና በመስቀል ማግስት ይነሣ።